የሀገር ፍቅር ቤት ሰዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ለአቅጣጫ መጠቆሚያ የሆኑ ቤቶች አሉ። ሀገር ፍቅር ቴአትር አንዱ ነው። «ከሀገር ፍቅር ዝቅ ብለህ»፣ «ሀገር ፍቅር ጋ ጠብቂኝ» እንባባላለን። ስሙ ከአፋችን አይጠፋም። በበሩ ስለገቡት ሰዎች ግን የምናወራው ትንሽ ነው። ጥላሁንን እናነሣለን፣ ሁለት ሦስት ስም እንጨምራለን፣ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ዛሬ ስለነዚያ ሰዎች ትንሽ ላውራ።

ይህ ቤት መጀመሪያ ለኪነ ጥበብ ተብሎ አልተመሠረተም። ያስነሣው ጦርነት ነው። ዘመኑ 1927 ዓ.ም. ነበር። ኅዳር ላይ ኦጋዴን ውስጥ ወልወል በሚባል ቦታ ከጣሊያን ጋር ተኩስ ተከፍቷል። የሙሶሊኒ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ በኩል እየተከማቸ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ደግሞ ነገሩን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ እያሻገረ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አቶ መኮንን ሀብተወልድ የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ጠላት እየመጣ ስለሆነ ሕዝቡ እንዲነቃና እንዲዘጋጅ ነበር ሐሳቡ። በእጃቸው የነበረው ንግግር፣ ግጥምና ዜማ ነው። ሰው ይሰበሰባል፣ ተናጋሪ ይነሣል፣ ግጥም ይነበባል፣ ይዘፈናል፣ ይፎከራል። መድረኩ ለቅስቀሳው መሣሪያ ነበር።

አቶ መኮንን ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የአክሊሉ ሀብተወልድ ታላቅ ወንድም ናቸው። የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው፣ ከጊዜ በኋላም በንጉሡ ዘንድ እጅግ የሚታመኑ ሚኒስትር የሆኑ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ሕዝብን ለመቀስቀስ ሲያስብ ዘፈንና ግጥም ትዝ ያለው ለምንድን ነው? ሀገሩን ስለሚያውቅ ይመስለኛል። ያኔ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው፣ ሬዲዮም ገና ነው። ወሬ ከአገር አገር የሚያደርሰው አዝማሪ ነበር። ፎካሪና አቅራሪ ደግሞ ወንዱን ከተቀመጠበት ያስነሣል። ማኅበሩ አዲስ ነገር አልፈጠረም። ሕዝቡ ጋ የነበረውን ሰብስቦ አንድ ላይ አቆመው።

ቴአትርም ቢሆን ለሀገሩ እንግዳ ነበር። በ1913 ዓ.ም. ራሺያና ፈረንሳይ ተምረው የመጡት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በእንስሳት ተረት ተሸፍነው የሹማምንቱን ብልሹነት የሚነካ ተውኔት ጽፈው አሳይተው ነበር። ተመልካቾቹ መኳንንትና የውጭ ሰዎች ነበሩ። የተባለው ነገር አልተወደደም። በንግሥት ዘውዲቱ ጊዜ ቴአትር ተከለከለ። ያ የመጀመሪያው ሙከራ ከላይ ጀምሮ ከላይ ቆመ። ሀገር ፍቅር የተለየብኝ እዚህ ላይ ነው። እሱም ቢሆን በባለሥልጣን ነው የተጀመረው፤ የተጠራው ግን የመንገዱ ሰው ነበር።

ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ደረሰ፤ ከተማው ተያዘ። በዚያን ጊዜ ዘፈን ምን ያህል እንደሚፈራ ያሳየን ጠላት ራሱ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዩም፣ ትንቢት ተናጋሪውም፣ ከመንደር መንደር እየዞረ የሚዘፍነውም እየተያዘ እንዲገደል አዘዘ። ማሲንቆ ይዞ የሚዞር ድሃ ሰው መትረየስና አውሮፕላን ላለው ጦር ሥጋት ሆኖ ታየ። ስንቱ አዝማሪ እንደ ወጣ እንደቀረ ሳስብ ሆዴ ይባባል። መቃብራቸው የት እንደሆነ አይታወቅም። ዘፈናቸውም አብሯቸው ሄደ።

ከነፃነት በኋላ ማኅበሩ እንደገና ተነሣ፤ ፒያሳ ላይም ቤት አገኘ። እውነተኛው ታሪክ ለእኔ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጠላት ወጥቷል፣ የቅስቀሳው ጊዜ አልፏል። የቀረው መድረክ፣ አግዳሚ ወንበርና መጫወት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው።

እነማን መጡ? የቅኔ ቤት ተማሪ መጣ፤ ግጥም እንደ ውሃ የሚፈስለት፣ ግን መድረክ አይቶ የማያውቅ። አዝማሪ መጣ፤ በየጠጅ ቤቱና በየሠርጉ ሲዞር የኖረ። ዋሽንት ነፊ እረኛ መጣ። ከወላጆቹ የጠፋ ልጅ መጣ። የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ስላልነበረ ዲፕሎማ የሚጠይቅ አልነበረም። ዝፈን ይባላል፣ ይዘፍናል፤ ከሆነለት ይገባል።

የአዝማሪው መግባት ብዙ ያሳስበኛል። ማሲንቆን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። የድምፅ ሳጥኑ በአራት ጣውላ ይሠራና ቆዳ ይለበጣል። ደጋኑም ጭራ ነው። አዝማሪው ሳይጀምር ደጋኑን በዕጣን ያሻል፤ ካላሸው ያንሸራትታል እንጂ አይጮኽም። ቀኑ ዝናባማ ከሆነ ቆዳው ይላላና ድምፁ ይወርዳል፤ ያኔ ወደ እሳት ወይ ወደ ፀሐይ ጠጋ ያደርገዋል። ጣቱ አውታሩን እንጨቱ ድረስ አይጫንም፤ በአየር ላይ እንዳለ ነክቶ ነው ድምፁን የሚለውጠው። በአንድ የጭራ አውታር አራቱንም ቅኝት ለመጫወት የሚያስፈልገው ጆሮና ዕድሜ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። እንዲህ ያለ ባለሙያ ግን ሰው ቤት ሲገባ የሚቀመጠው በር አካባቢ ነበር። ልጅ መስጠት አይታሰብም። ስሙ ራሱ ስድብ ነበር።

ሀገር ፍቅር ያንን ሰው መድረክ ላይ አወጣው። መብራት በራለት፣ መጋረጃ ተከፈተለት፣ ወር ሲደርስ ደመወዝ ፈረመ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ብዙዎቹ በችግር ነው የኖሩት። ቢሆንም በር ላይ ይቀመጥ ለነበረ ሰው ትኬት ቆርጦ የገባ ተመልካች ፊት መቆም ሌላ ነገር ነው። አንዳንዴ የቤቱን ታሪክ ሲተርኩ «ለዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት ጣለ» ብለው ያልፋሉ። እውነት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው ይህ ነው፤ የሚናቀውን ባለሙያ ሠራተኛ አድርጎ መዝገብ ላይ አሰፈረው።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው። ቆይተው ሴቶች መግባት ሲጀምሩ ከመድረክ ወርደው ወደ ሰፈራቸው ሲሄዱ የሚጠብቃቸው ሐሜት ነበር። ቤተሰብ ይክዳል፣ ጎረቤት ይጠቋቆማል። እነንጋቷ ከልካይ በዚያ ጊዜ ቆመው መዝፈናቸው ዛሬ መድረክ ላይ ላለች ሴት ሁሉ መንገድ ጠርጓል። ስማቸው ከወንዶቹ ያነሰ መነሣቱ ያናድደኛል።

ከወንዶቹ እዮኤል ዮሐንስን መዝለል አይቻልም። ገጣሚ፣ ዜማ ደራሲ፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ የቡድን መሪ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ይህን ሁሉ መሆን ነበረበት። ግጥም ጻፍ፣ ዜማ አውጣ፣ ልጆቹን አለማምድ፣ ከዚያ ጭነህ ክፍለ ሀገር ውረድ። ቡድኑ በየአገሩ እየዞረ ያሳይ ነበር። ከዚያ ዙረት በአንዱ ነው ወሊሶ የሄዱት።

ወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። አያቱ ጋ ነው የሚያድገው። አያቱ ትምህርቱን እንዲከታተል ይፈልጋሉ፤ ልጁ ግን ዘፈን ነው የሚታየው። እነእዮኤልና ንጋቷ ትምህርት ቤቱ መጥተው ሲያሳዩ ልጁ ወደ እዮኤል ቀርቦ ፍላጎቱን ነገረው። እዮኤልም አዲስ አበባ ቢመጣ እንደሚሻለው መከረው። ልጁ ከቤት ጠፋ። ቱሉ ቦሎ በእግሩ ደርሶ አክስቱ ቤት አደረ። አያቱ ደርሰውበት መለሱት። እንደገና ጠፋ፤ በዚህኛው ጊዜ የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ። ያ ልጅ ጥላሁን ገሠሠ ነው። ሀገር ፍቅር ተቀበለው።

ይህን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲነገር ግን ሁልጊዜ የጥላሁን ታሪክ ሆኖ ነው። እኔ ደግሞ እዮኤልን ነው የማየው። ደክሞ፣ አቧራ ለብሶ፣ ዕቃ እየተጫነ ሳለ አንድ ተማሪ መጥቶ «መዝፈን እፈልጋለሁ» ሲለው ቆም ብሎ ሰምቶታል። በየሄዱበት ስንት ልጅ እንዲህ ብሎ መጥቶ ይሆን? ልጁን የሰማው ሰው ባይኖር ኖሮ ምን እናጣ እንደነበር ማሰቡ ራሱ ያስፈራኛል።

ከዚያ 1953 መጣ። ጥላሁን በዚያን ጊዜ ወደ ክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ተሻግሯል። ታኅሣሥ ላይ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድሙ ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩት ባለሥልጣናት ተረሸኑ። ከሟቾቹ አንዱ አቶ መኮንን ሀብተወልድ ነበሩ። ጥላሁን ደግሞ የክቡር ዘበኛ ሰው በመሆኑ ታሠረ። የቤቱ መሥራችና ቤቱ ያሳደገው ልጅ በአንድ ሳምንት ነገር በሁለት ወገን ተመቱ። የሀገራችን ታሪክ በአንድ በር የገቡ ሰዎችን እንዲህ ሲለያያቸው ይኖራል።

በዚያ ላይ ሀገር ፍቅር ብቸኛው መድረክ መሆኑም ቀርቶ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተከፍቷል። ሰፊ፣ የሚያምር፣ የተሟላ። ሀገር ፍቅር ከጎኑ ሲታይ ጠባብና ያረጀ ሆነ። ሕዝቡ ግን አልተወውም። ከመርካቶ፣ ከአራዳ፣ ከሠራተኛ ሰፈር ሰው በእግሩ መጥቶ የሚገባበት ቤት ነበር። ሱፍ መልበስ አያስፈልግም። ሲያስቀው ጮክ ብሎ ይስቃል፤ ሲያስለቅሰውም አይደብቅም።

አንድ ጊዜ ለረጅም ዓመታት በቴአትር ቤት ከመድረክ ጀርባ የሠሩ አዛውንት ጋ ቁጭ ብዬ ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ እሳቸውም አይፈልጉም። ከተዋንያኑ ይልቅ ስለ መጋረጃው ሲነግሩኝ ነበር ፊታቸው የሚበራው። «ጋሼ፣ መጋረጃ መሳብ ምን ጥበብ አለው?» አልኳቸው። ተገርመው አዩኝ። «ልጄ፣ ፈጥነህ ከዘጋኸው ተመልካቹ ዕንባው ሳይወርድ ቀረ ማለት ነው። ብትዘገይ ደግሞ የሞተው ሰውዬ ሲተነፍስ ያዩታል» አሉኝ። ሟቹ የሚወድቅበትን ቦታ ቀድመው ያውቁት ነበር። ከወደቀ በኋላ በልባቸው ይቆጥራሉ። አዳራሹ ጸጥ ካለ ጥቂት ይጨምራሉ፤ ሰው ማጉረምረም ከጀመረ ወዲያው ይዘጋሉ። ይህን ያስተማራቸው የለም። ከፊታቸው የነበረውን ሰው እያዩ ነው የለመዱት፤ እሱም ከሌላ ሰው። የዚያ ሰው ስም አሁን ማንም ጋ የለም፤ እሳቸው እንኳን በቅጽል ስሙ ብቻ ነው የሚያስታውሱት።

ልብስ ሰፊዋ፣ ሜካፕ ሠሪው፣ ቃለ ተውኔት የጠፋውን ተዋናይ ከጀርባ ሆኖ የሚያስታውሰው፣ ትኬት ቆራጩ፣ በረኛው። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠሩ አሉ። በመድረክ ላይ ስማቸው ተጠርቶ አያውቅም።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ ነገሩ ወደ ሰፈር ወረደ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ እያንዳንዱ የኪነት ቡድን ማደራጀት ጀመረ። የቀበሌ ኪነት ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ምክንያቱ ይገባኛል። መዝሙሩ ለመንግሥት ውዳሴ ነበር። መስከረም 2 ሲደርስ፣ የላብ አደሮች ቀን ሲደርስ፣ ልጆች ተሰልፈው የማይገባቸውን መፈክር በዜማ ይሉ ነበር። ያንን ማስጌጥ አልፈልግም። በዚያው ዘመን ስንት ልጅ ከየቤቱ ተወስዶ እንደቀረ እናውቃለን።

ግን ሌላም ነገር ነበረበት። ጎረቤታችን የነበሩ እትዬ የምላቸው ሴት በልጅነታቸው የቀበሌ ኪነት ተወዛዋዥ ነበሩ። ማታ ማታ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አግዳሚዎቹ ወደ ግድግዳ ይገፋሉ፣ ከበሮ ይመጣል፣ ልምምድ ይጀመራል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በሸራ ጫማ ሲዘሉ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አሁንም ያወራሉ። አሠልጣኛቸው የጎጃሙን፣ የጉራጌውን፣ የትግራዩን፣ የወላይታውን ውዝዋዜ በተራ ያስጠናቸዋል። ከአዲስ አበባ ወጥተው የማያውቁ ልጆች የሀገሩን ትከሻና ወገብ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተማሩ። እናታቸው መጀመሪያ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብለው ደብድበዋቸዋል። ኋላ መድረክ ላይ ሲያዩዋቸው ግን ከፊት ወንበር ቁጭ ብለው እልል አሉ። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ዱላውን አልዘለሉትም፤ ድምፃቸው የሚሰበረው ግን እልልታው ጋ ሲደርሱ ነው።

ዛሬ ታላላቅ የምንላቸው ብዙ ድምፃውያን፣ ተዋንያንና ተወዛዋዦች የወጡት ከእነዚያ አዳራሾች ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከቴአትር ቤቶችና ከኪነት ቡድኖች ተውጣጥቶ «ሕዝብ ለሕዝብ» ተብሎ በ1980 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው ትልቅ ቡድንም ያለዚያ የሰፈር ልምምድ የሚታሰብ አልነበረም።

ሥርዓቱ ሲወድቅ ኪነቱም አብሮ ፈረሰ። አዳራሾቹ ለስብሰባ፣ ለመጋዘን፣ ለኪራይ ዋሉ። መፈክሩ መቅረቱ ደግ ሆነ። ልምምዱ መቅረቱ ግን ይቆጨኛል። አንድ የድሃ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ገብቶ ከበሮ የሚነካበት ቦታ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ጥሩ ሙከራዎች አይቻለሁ። አዱኛ የዳንስ ቡድን ለምሳሌ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ ቀማሪ (ኮሪዮግራፈር) ከጎዳና ልጆች ጋር መሥራት ጀመረ፤ ከመካከላቸው የተመረጡት ዓመታት የፈጀ ሥልጠና አገኙ። ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ከዚያ ነው የወጡት። ጁነይድ በጃፓናዊው የዳንስ ቀማሪ በሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ለመማር ተመርጦ ነበር። ልጆቹ ድሮም ነበሩ፤ ያጡት በር ነበር።

ሚያዝያ 2001 ላይ ጥላሁን ሲሞት መስቀል አደባባይ በሕዝብ ሞላ። ብሔራዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደረገለት፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበረ። በር ላይ ይቀመጥ ከነበረ አዝማሪ ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ ያለውን መንገድ ስለካው፣ ከሞላ ጎደል የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። መንገዱን ያሳጠሩት እነእዮኤል፣ እነንጋቷ፣ እነዚያ ስማቸው የጠፋ ማሲንቆ መቺዎችና መጋረጃ ሳቢዎች ናቸው።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በ2016 ፒያሳ ዙሪያ ብዙ ሰፈር ፈረሰ። ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ዳር ሄደ። ስለ ሕንፃዎቹ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማስበው ስለ ተመልካቹ ነው። ቴአትር ቤት የሚኖረው በእግራቸው በሚመጡ ሰዎች ነው። እሑድ ከሰዓት ልብሳቸውን ቀየር አድርገው፣ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ብቅ የሚሉ። ከከተማው ጫፍ በሁለት ታክሲ የሚመጣ ሰው፣ ማታ መመለሻውን እያሰበ፣ ስንት ጊዜ ይመጣል? አዳዲሶቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ውስጥ ደግሞ ሱቅ አለ፣ ካፌ አለ፣ የፑል ቤት አለ። ከበሮ የሚመታበት አዳራሽ ያለው ሰፈር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰው ካልመጣ ቤቱ ወደ ሰው መሄድ አለበት። የድሮው ቡድን ጭኖ ወሊሶ ከወረደ የዛሬው ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ መውረድ አያቅተውም። ከመንግሥት የምጠብቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። በየሰፈሩ አንድ ክፍል፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ደመወዝ ያለው አሠልጣኝ ብዙ ልጅ ያወጣል።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለ ሥራ አለ። በየቤቱ፣ በየሳጥኑ ውስጥ የድሮ የመድረክ ፎቶዎች አሉ። የአባቶቻችን፣ የአክስቶቻችን፣ የጎረቤቶቻችን። የሀገር ፍቅር፣ የብሔራዊ፣ የራስ ቴአትር፣ የክቡር ዘበኛ፣ የቀበሌ ኪነት። መሐል ላይ ያለውን ድምፃዊ ሁሉም ያውቀዋል። ከኋላ ከበሮ የያዘውን፣ ዳር ላይ የቆመችውን ተወዛዋዥ፣ ግማሽ ፊቱ የተቆረጠውን ክራር መቺ ግን የሚያውቁት አሁን ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ብቻ ናቸው። ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቋቸው። ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ምን ይጫወት እንደነበር በጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉበት፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት እያለፈ ፎቶውን ያበላሸዋል። በስልክ ሁለቱንም ገጽ አንሡ። ዋናውን ለመስጠት ልባችሁ ከፈቀደ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ውሰዱት። እኔ በመጪው ቅዳሜ የእትዬን ፎቶዎች ይዤ የኪነት አሠልጣኛቸው የነበሩትን ሰው ለመጠየቅ እሄዳለሁ።